ጠጁ እስኪደርስ

ዘና ያለ የጫጉላ ሽርሽር ሲጠይቁ፣ አዟሪው ዘጠኝ ከተማ ሰጣቸው።

መቅደላዊት ስልኳን በጠረጴዛው ላይ አዙራ ለእጮኛዋ ለምንተስኖት አሳየችው። ምንተስኖት ሻዩን እያማሰለ አነበበ። መስመሩ ከባሕር ዳር ይነሣና በጎንደር፣ በወልድያ፣ በሐረር አድርጎ አርባ ምንጭ ላይ ያበቃል። በየከተማው አንድ ሌሊት፤ ቁርስ መንገድ ላይ።

«ዘና ያለ ብለሽ ነው የጠየቅሽው?»

«ዘና ያለ፣ መንከራተት ያልበዛበት ብዬ።»

«የሚያንከራትተው ታዲያ ምን ይመስላል?»

«እሱንም አይቼዋለሁ። ከአውቶቡስ አይወረድም።»

«አዟሪው» ለመኖሪያ ማዛወሪያው የኮምፒውተር ሥርዓት ሕዝቡ ያወጣለት ስም ነው። ትክክለኛው ስሙ ረጅም ስለሆነ ከዜና አንባቢ በስተቀር የሚጠራው የለም። ሥራው ማን የት እንደሚያድር መወሰን ነው። ድሮ ዕቃውን ተሸክሞ ከሰፈር ሰፈር የሚዞረው ተከራይ ብቻ ነበር አሉ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ተከራይ ሆነ፣ መዞሩም ደንብ ወጣለት። ሥራህ ሲርቅ ቤትህ ይከተልሃል። ሥራህ ባይርቅም ያንተ ቤት ይበልጥ የሚመቸው ሌላ ሰው ከተገኘ፣ አንተም ይበልጥ ይመችሃል ወደተባለው ትሄዳለህ። ማንም አይጎዳም። ማንም አይቀመጥም።

አመሻሽ ላይ ስልክ አንዲት የክራር ድምፅ ያሰማል። ድምፁ ደስ ይላል፤ ደስ እንዲል ታስቦ የተመረጠ ነው። የሰማ ሰው ድስቱን ከምድጃ ያወርዳል፣ ሻንጣውን ይዘጋል፣ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ከሻንጣ ጎማ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ቤቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ የመብራት ማብሪያው በስተቀኝ፣ ምድጃው በስተግራ፣ መስኮቱ ወደ ሌላ መስኮት። በጨለማ የገባ ሰው እጁን ቢዘረጋ ማብሪያውን አይስትም። ሰላምታም ከጊዜው ጋር ሄዷል። ጧት ጧት «እንዴት አደርሽ?» የሚል ጠፍቶ «የት አደርሽ?» ሆኗል፤ የሚጠየቀውም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቱሉ ዲምቱ» ብሎ ያልፋል።

መቅደላዊት ጆሮ የከበዳቸውን ሰዎች ትመረምራለች፤ መስሚያ ትገጥምላቸዋለች። ምንተስኖት ሊፍት ይጠግናል። ቀኑን ሲወጣና ሲወርድ ይውልና ማታ ደግሞ ይዛወራል። ከተዋወቁ ጀምሮ አንድ ሰፈር የተመደቡት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለተኛውም በስህተት ነበር፣ ይቅርታ ተጠይቀው ተለያዩ።

መቅደላዊት የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ክፍል። ጧት ስትነሣ ትላንት ያየችውን ግድግዳ ማየት። ለምን እንደሆነ ለምንተስኖት አንድ ጊዜ ነግራዋለች፤ እሱም ዳግመኛ አልጠየቃትም። አባቷ የሞተው ከእነዚህ ቤቶች ባንዱ ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሰው ገባበት። ከወራት በኋላ እናቷ ቤቱን ሄዳ ልታይ ፈለገች፤ ሄደችም፤ ሰፈሩን አገኘችው፣ ቤቱን ግን መለየት አልቻለችም። ደጁ ሁሉ አንድ ነው። መቅደላዊት ያን ቀን እናቷን ይዛ ከበር በር ዞራለች። ትዳሯ እንዲያ እንዲጀመር አልፈለገችም፤ በኋላ «የት ነበር?» ተብሎ የማይገኝ ነገር እንዲሆን።

ስለዚህ ስልኩን ተቀብላ እንደገና ጻፈች። አዟሪው ስድስት ከተማ አመጣ፤ የአውቶቡሱ ወንበር ይዘረጋል። እንደገና ጻፈች። አንድ ከተማ አመጣ፣ ላንጋኖ፤ በየማታው የተለየ ክፍል። «ክፍል ሳይቀየር» ብላ ጨመረችበት። ክፍሉ አንድ ሆነ፤ አልጋው ግን በየማታው አቅጣጫ እንደሚቀይር ተገለጸ። መጨረሻ ላይ «ምንም ሳንንቀሳቀስ» ብላ ጻፈች።

አዟሪው ጥቂት ቆየና፣ «ጤናዎ ደኅና ነው?» ሲል ጠየቃት።

በማግስቱ ወደ መስመር አማካሪዋ ቢሮ ሄዱ። አማካሪዋ አርሴማ የምትባል ገራገር ሴት ነበረች፤ ጠረጴዛዋ ላይ ትንሽ የድንጋይ ኤሊ አስቀምጣለች። ጥያቄያቸውን ሁለት ጊዜ አስደግማ ሰማች።

«ሽርሽር ነው የምትሉኝ አይደል?»

«ጫጉላ ነው» አለች መቅደላዊት።

«ጫጉላ ማለት ሽርሽር ነዋ። ሳይሄዱ ምን ሽርሽር አለ?»

«አያቴ ሲያገባ ጫጉላ ቤት ገባ እንጂ የትም አልሄደም» አለ ምንተስኖት። «ሙሽራዪቱ ደጃፍ አትረግጥም ነበር አሉ። ምግቡን የሚያመላልሱት ሚዜዎች ናቸው፤ ሌላ ሰው ድርሽ አይልም።»

«እና ምን አዩ?»

«እነማን?»

«አያቶችህ። ምን ምን አዩ?»

ምንተስኖት አሰበ። «እርስ በርስ ተያዩ መሰለኝ።»

አማካሪዋ ይህን የምታስገባበት ቦታ ስክሪኑ ላይ ፈለገች፤ አልነበረም። ከዚያ ከልቧ አዝና አስረዳቻቸው። መነሻውና መድረሻው አንድ የሆነ መስመር አይመዘገብም። መስመር ካልመረጡ ከሰርጋቸው ማግስት ጀምሮ እንደ ማንኛውም ሰው ይዛወራሉ። «ግን በዚህ ተጽናኑ» አለች፤ «ባልና ሚስት ስለምትሆኑ፣ ስትዛወሩ አብራችሁ ነው።»

ሲወጡ ምንተስኖት ኤሊዋን እያየ፣ «የእሷስ አቅጣጫ በየማታው ይቀየራል?» አለ። አማካሪዋ አልሳቀችም። «በየሳምንቱ ነው» አለች።

የዚያን ሰሞን የመቅደላዊት እናት ውብርስት የምትኖረው ጀሞ ነበር። ሲደርሱ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ስታጥፍ አገኟት፤ ክራሩ ከመድረሳቸው በፊት ጮሆ ነበር። ውብርስት ቀጭን ሴት ናት፤ ልብስ ስታጥፍ የተቆጣች ትመስላለች፣ ስትቆጣ ግን ልብስ አታጥፍም።

«ግቡ ግቡ፣ እኔ ልወጣ ስለሆነ እናንተ ግቡ» አለች። «አንተ የሊፍት ሰው፣ ከሳህ። አታበላውም እንዴ ይቺ ልጅ?»

«ገና አላገባኋትም እኮ እማማ።»

«ታዲያ እስክታገባት በራብ ልትሞት ነው?»

መቅደላዊት ስለ ዘጠኙ ከተማ፣ ስለ አልጋው፣ ስለ አማካሪዋ ነገረቻት። እናቷ እያጠፈች ሰማች። አልጋው አቅጣጫ ይቀይራል የሚለው ላይ ሲደርሱ አቆመችና፣ «በላዩ ተኝታችሁ?» አለች።

«ተኝተን።»

«ጉድ ነው» አለችና ማጠፏን ቀጠለች። ከዚያ ድንገት ሻንጣውን ዘግታ ላዩ ላይ ተቀመጠች። «የአባትሽ ልቅሶ ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳኛል?»

«ለእሱ ንገሪው። አያውቅማ።»

«አንቺ ንገሪው።»

እናትዮዋ ወደ ምንተስኖት ዞረች። «ድንኳን ተጥሎ፣ ሰው ገና እየመጣ፣ በሁለተኛው ቀን ያ ክራር ጮኸ። እኔ ወደ አያት፣ ድንኳኑ ወደ መጋዘን። በማግስቱ የእሱ አጎት ከደብረ ብርሃን ደረሱ። እዚያው ሰፈር አንድ ድንኳን አዩ፤ ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ሲያለቅሱ ዋሉ። ማታ የሟችን ፎቶ ቢያዩ ሴትዮ ናት።»

ምንተስኖት ከንፈሩን ነክሶ ሣቁን ያዘ። «ምን አሉ?»

«‹ለእሷም የሚያለቅስላት አንሶ ነበር፣ ደግ አደረግሁ› አሉ። ነፍሳቸውን ይማር፣ እንዲህ ነበሩ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እና እኔም ጮህኩ። ብቻዬን አይደለም፤ ስንቱ ደርሶበት ኖሯል። ከዚያ ደንቡ ወጣ። ሥርዓቱ ያልተዘጋ ቤተሰብ አይዘዋወርም። ልቅሶ ሰልስቱ እስኪወጣ። ሰርግ ደግሞ እስኪዘጋ።»

በረንዳው ላይ የሚቀጥለው ነዋሪ ሻንጣውን ይዞ ቆሟል፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አላንኳኳም።

«ሰርግ የሚዘጋው በምንድን ነው?» አለች እናቷ።

«በመልስ» አለ ምንተስኖት። «የሙሽራዪቱ ቤተሰብ ደግሶ ሙሽሮቹን ሲጠራ።»

«መልሱን የሚጠራው ማን ነው?»

መቅደላዊት እናቷን አየቻት። እናቷ ጥፍሯን ታይ ነበር።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «እኔ ካልጠራሁ ሰርጉ አልተዘጋም። እናንተ ከገባችሁበት ትቀመጣላችሁ። ደጋሿ እኔ ስለሆንኩ እኔም እቀመጣለሁ።»

«እማዬ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እስክጠራሽ ድረስ ደጄን አትረግጪም። እኔም ደጅሽን አልረግጥም። ወጉም እንደዚያ ነው፤ የዚያ አዟሪ ተብዬም ወጉን እንደዚያ ነው የሚያውቀው። የእናትና የሙሽራ ስልክ ከተጠጋጋ ‹መልስ ተደርጓል› ብሎ ይዘጋዋል። የባሌ እኅት ልጅ እንደዚያ ሆናለች፤ ሱቅ ውስጥ ከእናቷ ጋር ተገጣጥማ፣ ሽንኩርት ስትመርጥ ሰርጓ ተዘጋ።»

«ስልኩን ቤት ትተን ብንመጣስ?» አለ ምንተስኖት።

«በሩን በምን ትከፍተዋለህ? አውቶቡሱን በምን ትሳፈራለህ? በጥርስህ?»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?» አለች መቅደላዊት። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

እናቷ ከሻንጣው ላይ ተነሣች። «ያለ ጠጅ መልስ የለም። ጠጁ እስኪደርስ ነው።»

«ጠጅ ጥለሽ ታውቂያለሽ?»

«እናቴ ስትጥል አይቻለሁ። ጠጅ መጣል ቁጭ ማለት ይፈልጋል፤ የት ቁጭ ብዬ ልጣል?»

የተጋቡት በጥር፣ በዕለተ እሑድ፣ እናቷ ዘወትር በምትሳለምባት ኪዳነ ምሕረት ነው። «ትላንት ካየኋት ቦታ ዛሬም የማገኛት እሷን ብቻ ነው» ትላለች ውብርስት። ምሳ ተበላ፤ ተጨፈረ፤ አመሻሽ ላይ የብዙው እንግዳ ስልክ ስለጮኸ ሰርገኛው ሻንጣውን እየጎተተ ተበተነ።

ለሙሽሮቹ የደረሳቸው ቤት ከቀለበት መንገዱ ወዲህ አራተኛ ፎቅ ነበር። እናቷ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ሦስተኛ ፎቅ ተመደበች። አዟሪው ምክንያቱን ጽፎላቸዋል፤ ለመልሱ እንዲቀርባችሁ።

በማግስቱ ለእናቷ ደወለላት። ንግግሩን እናቷ በኋላ ቃል በቃል ነገረቻት።

«እንኳን ደስ አለዎት። የመልሱ ቀን መቼ ነው?»

«ጠጁ ሲደርስ።»

«ጠጁ መቼ ይደርሳል?»

«እንደ ማሩ ነው።»

«ማሩስ?»

«እንደ ንቡ።»

«እናመሰግናለን» ብሎ ዘጋ።

መጀመሪያ ላይ መቀመጥ አስቸገራቸው። ሻንጣዎቹን በሩ ሥር አቁመው ነበር የሚተኙት። አመሻሽ ላይ ከሌሎች ፎቆች ክራሩ ሲጮህ ምንተስኖት ሳያስበው ይነሣና ጫማውን ያጠልቅ ነበር፤ አጥልቆም መሀል ቤት ይቆማል። ከዚያ መልሶ ያወልቃል። መቅደላዊት ሌላ ነገር አስተዋለች። ቤት ድምፅ አለው። ቧንቧው ከተዘጋ በኋላ አንድ ጊዜ ይተነፍሳል። ከወጥ ቤቱ አጠገብ ያለው የወለል ንጣፍ ሲረገጥ አይናገርም፣ ሲለቀቅ ነው የሚናገር። ሥራዋ ጆሮ ሆኖ ይህን እስከ ዛሬ አልሰማችም፤ ቤት ጓዳውን ለእንግዳ አያሰማም። ጧት ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታርፈው ግድግዳው ላይ ያለች ትንሽ ስንጥቅ ላይ ነው። ያቺን ስንጥቅ ለሁለተኛ ጊዜ ያየቻት ቀን አልቅሳለች፤ ምንተስኖት ቀለም ልቀባት ወይ ብሎ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ምንተስኖት ምስማር ይዞ ገባ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ቆቤን ልሰቅል።»

ግድግዳ መብሳት ክልክል ነው። ስለዚህ የመስኮቱን ጠርዝ መረጠ፤ ጠርዝ ግድግዳ መሆን አለመሆኑን ደንቡ አይናገርም። በቀስታ መታው። ደረጃው ላይ በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወጡ፤ በዕድሜያቸው ቤት ውስጥ ምስማር ሲመታ ያልሰሙ ነበሩ። ቀይ የሥራ ቆቡን ሰቀለበት። በሚቀጥለው ቀን መስኮቱ ላይ ነበረ። በሚቀጥለውም።

ወሬው ወጣ። እዚያው ፎቅ ላይ ፊት ለፊታቸው ያለው ቤት ነዋሪው በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የመጣ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይሰማል፤ እዚያ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አሉ። አንዲት ሴት ክራሩ ጮሆባት ልትወጣ ስትል አንኳኳች። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላየው» አለች። ምንተስኖት ምስማሩን አሳያት። ሴትየዋ ጫፉን በጣቷ ነካችና አመስግና ሄደች።

አዟሪው አልፎ አልፎ ይጽፍላቸዋል። «ዘና ያለ መስመርዎ ይጠብቅዎታል። አሁን አምስት ከተማ ብቻ!»

ዐቢይ ጾም ሲገባ እሱም ዝም አለ፤ በጾም እንደማይደገስ ያውቃል። ከማዶ ደግሞ እናቷ በሰማያዊ በርሜል ማሩን በጥብጣ ጌሾውን ነክራለች። ጋን የለም፤ በርሜሉን ያመጣላት ምንተስኖት ነው፣ ደረጃው ሥር አስቀምጦ ስልክ ደወለና ወረደች። የአማች ስልክ ሰርግ አይዘጋም፤ ይህን ሞክረው ነው ያወቁት። ስለዚህ ምንተስኖት ሚዜ ሆነ። ከእናት ወደ ልጅ ሽሮ፣ ከልጅ ወደ እናት መድኃኒት ያመላልሳል። ሁለቱም ቤት ስለ ሌላው ይጠይቁታል። «ከሳች?» ትላለች እናት። «ሳቀች?» ትላለች ልጅ።

ቤተ ክርስቲያንም አብረው አይገኙም። እናት በኪዳን ትሄዳለች፣ ልጅ በቅዳሴ። እናቷ ስትወጣ ግማሹን ያበራችውን ጧፍ አጥሩ ድንጋይ መካከል ትሰካላታለች፤ መቅደላዊት ስትደርስ ታበራውና ትጨርሰዋለች። ማንም ሳይነግራቸው የጀመሩት ነገር ነው። ፋሲካ ሲደርስ ግን ጧፍ አልበቃትም። ጾሙን በስልክ ፈቱ። እናቷ «ጉረሺ» አለች፤ መቅደላዊት ራሷን አጎረሰች፤ ምንተስኖት ዓይኑን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ መለሰ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እናቷ ቤት ተቆጣጣሪ መጣ። መቅደላዊት ከእናቷ ጋር ስልክ ላይ ነበረች፤ በሩ ሲንኳኳ እናቷ ስልኩን ሳትዘጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መቅደላዊት የደንበኛ ጆሮ ስትመረምር እንደምታደርገው ዓይኗን ጨፍና ሰማች።

የሰውየው ድምፅ የደከመ ነበር። ሻንጣውም አብሮት ነው፤ ጎማው ደፉ ላይ ሲመታ ተሰማት።

«ወይዘሮ ውብርስት እርስዎ ነዎት? ከሥርዓቶች ክትትል ነው የመጣሁ። አንድ ጠጅ ዘግይቷል ተብሎ ነው።»

«ይግቡ ወንድሜ። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም፣ ብዙ ቤት አለብኝ። የት ነው?»

የበርሜሉ ክዳን ተከፈተ። ሰውየው አየር ሳበ። ደግሞ ሳበ።

«ይሄ ቤት ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ጌሾና ማር ነው። ደግሞ ሰው ሲቀመጥበት ቤት ይሸታል።»

ብርጭቆ ተንቃጨለ። ተቀዳ። ሰውየው ጠጣ። ወንበር ሲንሸራተት ተሰማ፤ ተቀመጠ።

«እንዴት ነው?» አለች እናቷ።

«በአንድ መለየት ያስቸግራል።»

ሁለተኛ ተቀዳ። ሦስተኛው ላይ ሰውየው ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ፤ እሷም ትጥል ነበር፣ እሱ አተላውን እየሰረቀ ይጠጣ ነበር። እናቷ «ሌባ!» አለችና ሳቀች። መቅደላዊት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያን ሣቅ ሰምታው አታውቅም። ከሆድ የሚነሣ፣ መጨረሻው ላይ የሚሰበር ሣቅ። ሣቁ እዚያ ማዶ ነበር፣ እሷ እዚህ።

ሰውየው ሊሄድ ተነሣ። ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ።

«እንግዲህ ወይዘሮ ውብርስት፣ በሙያዬ ስናገር ይሄ ብርዝ ነው» አለ፣ ቃላቱን እየመረጠ። «ገና ነው። አልደረሰም ብዬ ነው የምጽፈው።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«በሚቀጥለው ሳምንትም መጥቼ ማረጋገጥ ይኖርብኛል።»

«ግዴታ ነው» አለች እናቷ።

የሻንጣው ጎማ ራቀ። ቀጥ ብሎ አልነበረም የሚሄደው።

በማግስቱ መቅደላዊት ከሥራ ወጥታ ቀጥታ ወደ ቀለበት መንገዱ ወረደች። ለምንተስኖት ምንም አልነገረችውም። አመሻሽ ነው፤ የእግረኛው መብራት ቀይ ሆኖ መኪናው ይጎርፋል። ማዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ ክፍት ነው፤ እናቷ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቆማለች። መቅደላዊት እግረኛ መሻገሪያው ጫፍ ላይ ቆማ ደወለች። ማዶ ያለችው ትንሽ ሴትዮ እጇን ወደ ጆሮዋ አነሣች።

«እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች እናቷ። «መኪና ይገጭሻል፣ ፈቀቅ በይ።»

«ልሻገር ነው።»

«ማን ተሻገሪ አለሽ?»

«ጥሪኝ እማዬ። ናፍቀሽኛል። አንድ ቀን አብረን እንዋልና ከዚያ ካዞረን ያዙረን። ሁሉም እየዞረ ይኖር የለ?»

መቅደላዊት በስልኩ ከእናቷ ኋላ ያለውን ሁሉ ትሰማ ነበር፤ የበርሜሉን ጉርምርምታ፣ የመጋረጃውን ውዝዋዜ፣ የእናቷን እስትንፋስ። እስትንፋሱ ደኅና ነበር።

«አባትሽ ያረፈበትን ቤት ታውቂዋለሽ?» አለች እናቷ።

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። ስንቱን በር እያየሁ ‹ይሄ ይሆን?› እያልኩ አለፍኩ። ያንቺን ግን አውቀዋለሁ። ቀይ ቆብ የተሰቀለበት ነው። ጧት ስነሣ አየዋለሁ። ስተኛ አየዋለሁ። ዛሬ ብትመጪ አንድ ቀን ዐቅፌሽ እውላለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ዞሬ ልይሽ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። መኪናዎቹ ቆሙ። በዚያው ቅጽበት ከግራም ከቀኝም ክራሩ መጮህ ጀመረ፤ ሰዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ መንገዱ ውስጥ ገቡ፤ ከወዲህ ወደዚያ፣ ከወዲያ ወደዚህ። መቅደላዊት ጠርዙ ላይ በመሀላቸው ቆመች። ማንም አልገፋትም፤ እንደ ምሰሶ ዞረው አለፏት። አንዱ «ይቅርታ እኅቴ፣ የት ነሽ?» አላት፤ መንገድ የጠፋት መስሎት።

«እዚህ ነኝ» አለችው።

አንድ እግሯ አስፋልቱ ላይ ነበር። አየችው። ከዚያ አነሣችና ወደ ጠርዙ መለሰችው። አረንጓዴው ብልጭ ድርግም አለና ጠፋ፤ መኪናው እንደገና መጉረፍ ጀመረ።

«ፈቀቅ አልሽ?» አለች እናቷ።

«ፈቀቅ ብያለሁ።»

«ጎበዝ።»

መቅደላዊት አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ማዶ መስኮቱ ላይ እናቷ አንድ ነገር ከፍ አድርጋ ያዘች፤ የምትጠልቀው ፀሐይ አገኘችውና ብጫ ሆኖ በራ።

«ጠጁስ እማዬ?» አለች መቅደላዊት። «ደረሰ?»

«ገና ነው» አለች እናቷ፤ በስልኩ ውስጥ ስትጎነጭ ተሰማት፤ አንዴ፣ ረጋ ብላ፤ ከዚያም ምላሷን ጣ አደረገች። «ምኑ ደረሰ። ብርዝ ነው።»